የየኔታ ፀጋው አፍና ጣት

ዳባት ላይ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ በሚገኘው የዘር አባዢ ገበሬዎች ማኅበር ቢሮ፣ የየኔታ ፀጋውን ያህል ኮምፒውተር የገባው ሰው አልነበረም። መክፈት ብቻ ነበር ያቃታቸው።

ማሽኑ የቆየ ነው። ዋናው አካሉ ጓዳ ተቆልፎበት ሲያጓራ ይውላል። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ አራት ጥቁር ስክሪኖች ከነኪቦርዳቸው በሽቦ ተያይዘውለት ተደርድረዋል። ሥዕል የለው፣ ማውስ የለው፤ በፊደል ታዘዋለህ፣ በፊደል ይመልስልሃል። ማሽኑን ልትጠብቅ ከጎንደር የመጣችው ናዝራዊት፣ «አራታችሁም በአንድ ጊዜ ትሠሩበታላችሁ፤ የአንዱ ሥራ ከሌላው አይቀላቀልም» ስትል ሌላው ሰው ግራ ሲጋባ፣ የኔታ በደስታ ጭናቸውን መቱ።

«እንግዲያማ ይህ ማሽን መምህሬን ነዋ! ሠላሳ ልጅ ከቧቸው አንዱ ፊደል፣ አንዱ ዳዊት፣ አንዱ ውዳሴ ማርያም ሲያነበንብ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው የእያንዳንዱን ስሕተት ይለቅሙ ነበር!»

ናዝራዊት እንዲህ ያለ ማብራሪያ ዩኒቨርሲቲም አልሰማሁ አለች።

የኔታ መሪጌታ ናቸው፤ ማኅሌት ቆመው ያድሩና ጠዋት ቢሮ ይገባሉ። ሥራቸው ዘር መመዝገብ ነው። ገበሬው ያመጣውን ገብስ በመዳፋቸው አሽተው፣ አንዷን ፍሬ ነክሰው፣ «ለዘር ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ብለው ይጽፋሉ። የእርሳቸውን ጥርስ የሚጠራጠር ገበሬ ከዳባት እስከ ደባርቅ አይገኝም።

ማሽኑ ታዲያ ሥራ ከማስጀመሩ በፊት ስም ይጠይቃል፣ ቀጥሎ የምስጢር ቃል። ስሙ ሲመታ ይታያል። ምስጢሩ ሲመታ ግን ስክሪኑ ላይ ነጥብ እንኳ አይወጣ።

«ልጄ፣ ይህ ነገር ሞተብኝ» አሉ የመጀመሪያ ቀን።

«አልሞተም የኔታ። አጠገብዎ ያለ ሰው እንዳያይ ደብቆልዎት ነው።»

ይህን ጠባዩን ወደዱለት። ለምስጢር የመረጡትም የክርስትና ስማቸውን ነው። የክርስትና ስም ለንስሐ አባት ካልሆነ ለማን ይነገራል? ጠንቋይ ጆሮ ከገባማ መዘዙ ብዙ ነው!

ዳሩ ግን የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ያለ ድምፅ አያነብም። ዝም ያለ ልጅ አንቀላፍቷል ተብሎ አለንጋ ይቀምሳል። የኔታም ይኸው ስልሳ ሊሞላቸው፣ ዓይናቸውም ጣታቸውም ያለ አፋቸው አይሠራም። ስክሪኑ ፊደሉን ሲደብቅባቸው ደግሞ ድምፃቸው ባሰበት። በየማለዳው «ወ—ል—ደ ሩ—ፋ—ኤ—ል» እያሉ በዜማ ይመቱታል። ማሽኑ ከዓይን የሰወረውን ምስጢር አዳራሹ ሙሉ በጆሮው ይጠግበዋል።

ከሰሚዎቹ አንዱ ገዱ ነበር፤ መጋዘን ሠራተኛው ገዱ፣ ሰው ላይ ካልቀለደ ምሳ የማይወርድለት። አንድ ቀን የኔታ ለምሳ ሲወጡ በስማቸው ገባ።

በሳምንቱ የገበሬዎች ስብሰባ ላይ ዝርዝሩ ሲነበብ እንዲህ የሚል ተገኘ፦ «የአቶ ደምለው ገብስ። ለዘር አይሆንም፤ ለጠላም ያጠራጥራል። መዝጋቢ ፀጋው።»

አቶ ደምለው የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ገበሬው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እርሳቸው አልሳቁም።

«የኔታ፣ ምን አደረግሁዎት?»

«እመብርሃንን፣ እኔ አልጻፍሁም!»

«በስምዎ የገባ ማን ሊሆን ነው ታዲያ?»

«ምስጢሩን የሰማ ሁሉ መግባት ይችላል» አለች ናዝራዊት።

«እንግዲያስ ጥፋቱ ድርብ ነው! ምስጢር የማይይዝ ሰው መዝገብ አይይዝም። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እፊቴ፣ አዲስ ቃል ይዘው ይግቡ። ቃልዎን ማንም ከሰማው አዲ አርቃይ መጋዘን ቁልፍ ያዥ ይሆናሉ።»

አዲ አርቃይ! የኔታ ወደዚያ ሐሩር ቆላ ሊማሊሞን መውረድ ሲጀምሩ ገና ትንፋሽ የሚያጥራቸው የደጋ ሰው ናቸው። ደግሞስ አርባ ዓመት የቆሙበት ማኅሌት? ያን ምሽት ራት አልበሉም።

በማግሥቱ ናዝራዊት አዲሱን ቃል የሚያስገቡበትን አሳይታ ጓዳው ውስጥ ትታቸው ወጣች። እዚያስ ብቻቸውን ነበሩ፤ እንደ ልባቸው በሹክሹክታ አዜሙት። አዳራሽ ሲወጡ ግን አቶ ደምለው ክንዳቸውን አጣምረው፣ ገዱ ጆሮውን አሹሎ ይጠብቃሉ።

«ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ይዘጋል፣ የኔታ» አለች ናዝራዊት በቀስታ።

ስማቸውን መቱ። ከዚያ ከንፈራቸውን ነክሰው ምስጢሩን ጀመሩ። አፍ ሲዘጋ ጣት ታወረ፤ የቱ ጋ እንደደረሱ ጠፋቸው። ማሽኑ አልቀበልም አለ። ሁለተኛውን በመሐረብ አፋቸውን ይዘው ሞከሩ። በአንድ እጅማ ጭራሽ ባሰ። አልቀበልም።

«የኔታ፣ ቆላ ላይ የሚያምርብዎትን ነጠላ ያዘጋጁ» አለ ገዱ።

የኔታ ጣሪያውን አዩ። ቅንድባቸው ላይ ላብ ጠብ ጠብ ይላል። ማኅሌቱ ትዝ ያላቸው ያኔ ነው። አፍ ዜማውን ሲያወርድ፣ ግራ እጅ በመቋሚያ፣ ቀኝ እጅ በጸናጽል የየራሳቸውን መንገድ ይሄዱ የለም? አፍ ሥራ ይፈልጋል እንጂ፣ የጣትን ሥራ መሥራት አለበት ያለው ማነው!

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዕዝል ዜማ፣ መስኮቱ እስኪርገበገብ ለቀቁት፦ «የዳ—ባ—ት ድ—ን—ን—ች!» ጣታቸውም ኪቦርዱ ላይ ወረደ።

ማሽኑ ተከፈተ።

«ሰማሁት!» አቶ ደምለው ጮኹ። «የዳባት ድንች! አበቃ፣ አዲ አርቃይ!»

«ይሞክሩታ» አሉ የኔታ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

አቶ ደምለው ቀጣዩ ስክሪን ላይ ተቀመጡ። የየኔታን ስም መቱ፤ ቀጥለው የዳባት ድንችን። አልቀበልም። ደገሙ። አልቀበልም። አናታቸው ላይ ቆሞ ያይ የነበረው ገዱ፣ የሰው ቅልጥፍና ማጣት የሚያንገበግበው ሰው ነውና፣ መታገሥ አልቻለም።

«ኧረ ጋሼ፣ መሐሉን ክፍተት አይተዉበት! እኔ ወልደ ሩፋኤልን አያይዤ ስመታው አይደል የገባልኝ!»

የጓዳው ማሽን ብቻ ያጓራል።

አቶ ደምለው ወንበሩን ቀስ ብለው አዞሩ። «አዲ አርቃይ ቁልፍ ያዥ እንደጎደለን ነግሬሃለሁ አይደል፣ ገዱ?»

ስድስት ወር ፈረዱበት። የኔታ እግራቸው ላይ ሊወድቁ ተነሡና በስንት ምልጃ ወደ ሁለት ወር አስወረዱለት። ከዚያም የአቶ ደምለውን ገብስ አስመጥተው አሹ፣ ነከሱ፣ አሰቡ፤ «ለዘር ይሆናል» ብለው ጻፉ።

«ለጠላስ?» አሉ አቶ ደምለው።

«እሱማ እውነትም ያጠራጥራል።»

ገዱ በበነጋው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሚኒባስ ሲጠብቅ፣ የኔታ መንገድ ዳር ድረስ ሸኙት።

«የኔታ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ። ጋቢህን ግን እዚሁ ተውልኝ። እዚያ ምን ያደርግልሃል?»