ስለ ራሷ ራሷ የተናገረች ልብስ ሰፊ

የሰፈሩ ሰው ልብስ ሰፊዋ ይላታል። በልጅነቷ የያዛት ትኩሳት ጆሮዋን ስለዘጋው ድምፅ ምን እንደሚመስል አታስታውስም። እጇ ግን አንዴ ማውራት ከጀመረ ፋታ የለውም፤ ልብስ ሊለካ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ነው የሚወጣው።

ቀልዱ የሚጠፋባት ሐኪም ቤት ስትገባ ነበር። የደም ግፊት ስላለባት ክትትል አላት፤ አብራት የምትሄደውም የምትናገርላትም ታላቅ እህቷ ናት። ሐኪሙ ይጠይቃል፣ እህቷ ትመልሳለች። «ምን አለ?» ስትላት፣ «ቆይ፣ ቤት እነግርሻለሁ» ትላታለች። ቤት ሲደርሱ ወሬው ያው ነው፦ «መድኃኒትሽን ዋጪ። ሥጋ አትብዪ። ብቻሽን መንገድ አትውጪ።» ጨርቅ ለመግዛት ወደ ጎረቤት ከተማ ብቻዋን መመላለስ የምትወደው ሴት በዚህ ምክንያት ቤት ተቀምጣ ቀረች።

አንድ ቀን ለክትትል ሲሄዱ የሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አንድ ታብሌት ቆሞ አገኙ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ወጣት ብቅ አለችና በምልክት ቋንቋ፣ «ጤና ይስጥልኝ፤ ያለሁት ሩቅ ነው፣ ግን እጅዎን በደንብ አየዋለሁ። እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ለዶክተሩ በድምፅ እናገራለሁ» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ማመን አቃታት።

«እንዴት ሰነበቱ?» አለ ሐኪሙ፣ እሷን ራሷን እያየ።

«ደህና ናት» አለች እህቷ ከአፉ ቀበል አድርጋ።

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ፣ «እትዬ፣ እስቲ ዛሬ ከራሳቸው ልስማ» አላት።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት! እጇ እንደ ስፌት መኪናዋ ይፈጥን ጀመር። መድኃኒቱን ከዋጠች በኋላ ራሷን እንደሚያዞራት፣ መርፌው ሁለት ሆኖ እንደሚታያት፣ አንዴ የሙሽራ ቀሚስ እጅጌ ገልብጣ እንደሰፋች ነገረችው። አስተርጓሚዋ እየሳቀች ተረጎመች፤ ሐኪሙም ሳቀ። እህቷ ግን አፏን ከፍታ ቀረች። የታናሿ ጨዋታ በሰው ድምፅ ሲወጣ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲያዞርዎት ለምን አልነገሩኝም?» አለ ሐኪሙ። መልስ ሳይጠብቅም መድኃኒቱን በሌላ ቀየረላት።

«ብቻዬን መንገድ መውጣትስ ለምን ከለከልከኝ?» ብላ ጠየቀችው።

«እኔ? ኧረ አልከለከልኩም። ሥጋም በልኩ ይብሉ። አዲሱን መድኃኒት ሲለምዱና ማዞሩ ሲተውዎት የፈለጉበት ይሂዱ።»

ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ ወደ እህቷ ዞረች።

«አንድ ነገር ትሆኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው» አለች እህቷ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። አስተርጓሚዋ ይህንንም ተረጎመችው።

ሲወጡ ልብስ ሰፊዋ እግሯ መሬት አልነካ አለ። በመንገዱ ላይ ሁሉ ሐኪሙ ያላትን በእጇ እየደጋገመች፣ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደ እህቷ ዞራ ወደኋላ ትራመድ ነበር። እህቷ ግን ቅር ብሏት፣ «ከእንግዲህ እኔ አላስፈልግሽም ማለት ነው» አለቻት።

«ለሐኪሙ አታስፈልጊኝም፤ ለገበያ ግን ታስፈልጊኛለሽ። በዋጋ ክርክር ማን ይችልሻል?»

እህቷ ሳትወድ ሳቀች።

ከሳምንታት በኋላ ማዞሩ ለቀቃት። ሐኪሙንም ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣ፣ በስልኳ ስክሪን በዚያችው አስተርጓሚ በኩል አማከረችው፤ «አሁን ይሂዱ» አላት። በማግስቱ ማለዳ ቦርሳዋን አንግታ አውቶቡስ ተሳፈረች። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ለእህቷ በቪዲዮ ደወለችና፣ አጠገቧ የተቀመጡት ሰውዬ ዓይናቸው በእጇ ላይ እንደተሰካ፣ ከተማ ደርሳ ምን ዓይነት ጨርቅ እንደምትገዛ ታወራት ጀመር።