ከገዘር የመጡት አልቃሾች

ጂንካ በነበረው የሴቶች ገዳማችን አራት ዓመት በረድእነት አገልግያለሁ። ሁለቱ ይበቃ ነበር። ሌላውን ሁለት የጨመረችብኝ በር የምትጠብቀው እማሆይ ናት። ነፍሷን ይማር፤ ሞታለች ብዬ ግን አልሸፍንላትም። ቆብ ልደፋ ነው በተባለ ቁጥር እመምኔቷ ዘንድ ትገባና፣ "የቆጮ ልጅ ጾም አትችልም። ደግሞ እናቷ አንድ ቀን መጥታ እጇን ይዛ ትወስዳታለች" ትላለች።

ጾሙን እንደቻልኩት ሁሉም አይቷል። እንዲያውም በዐቢይ ጾም ጤፍ ሲያልቅ ከሰሜን የመጡት እናቶች የጾሙት እኔ በፋቅሁት እንሰት ነው። በር ጠባቂዋ ራሷ ሦስቴ ታስጨምር ነበር።

የእናቴ ነገር ግን እኔንም ያስፈራኝ ነበር። እናቴ ገዘር የምታርስ ጴንጤ ናት። ጸሎት ቤታቸውን ቀበሌ ካሸገባቸው ወዲህ በየጓዳው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። ገዳም መግባቴን ስትሰማ አልተቆጣችም። መጥታ ብትጠራኝ ተነስቼ እንደማልከተላት እርግጠኛ አልነበርኩም።

በሥርዓታችን የምትመነኩስ ሴት ለዓለም እንደ ሞተች ትቆጠራለች። ሰሌን ላይ ተኝታ መግነዝ ትለብሳለች፤ ካህኑ ፍትሐት ይጸልይላታል፤ ደወሉም ለሬሳ እንደሚደወለው ይደወላል። ጸሎቱ ሳያልቅ ከተነሳች ቆቡ ቀረ ማለት ነው። ዘመድ አይጠራም። እኔም አልጠራሁም። በገበያ ቀን ለእናቴ መልእክት የላከችው በር ጠባቂዋ ናት። ትምጣና ትውሰዳት ብላ ነው፤ ኋላ ራሷ ነግራኛለች።

በዕለቱ መግነዙ ውስጥ ሆኜ የበሩን ንግግር ሰማሁ።

"አንቺ ሴት፣ ልጅሽን ልትወስጂ ነው?"

"የሞተ ሰው ወዴት ይወሰዳል፣ እማሆይ? ላለቅስ መጣሁ። ፍትሐት አለ ብለው የላኩብኝ እርስዎ አይደሉም?"

"እዚህ ለቅሶ የለም።"

"ሞት ካለ ለቅሶ አለ። ሰባት ሴት ይዤ ይህን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት በእግሬ መጥቼ በደረቅ ዓይን ልመለስ?"

"አስገቢያቸው" አለች እመምኔቷ፤ እግዚአብሔር ይስጣትና።

ሣሩ ላይ ተቀምጠው በአሪኛ አለቀሱልኝ። አልቃሽ የሟችን ነገር አንድ በአንድ ያነሳል፤ ከጎረቤት ዛፍ ማንጎ ስሰርቅ ወድቄ ጥርሴን መስበሬን እንኳ አልተውትም። መግነዙ ውስጥ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው እናቴ እሷ ብቻ በምትጠራኝ የሕፃንነት ስሜ ጠራችኝ፤ እግሬ ተንቀሳቀሰ። አንዴ "ነይ" ብትል ተነስቼ ነበር። አላለችም። እየጠራችኝ የነበረው ልትሸኘኝ ነው። ይህን ሳውቅ እግሬ አረፈ።

ጸሎቱ አልቆ ተነሳሁ፤ ቆቤን ደፋሁ። ወደ እናቴ ስሄድ በር ጠባቂዋ ቀድማኝ አጠገቧ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች።

"እኔ ስመነኩስ ያለቀሰልኝ ሰው አልነበረም" አለቻት። "አገሬ ሩቅ ነው።"

እናቴ ጥቂት አየቻት። "በልጅነትዎ ምን ይወዱ ነበር? ሳላውቅ ማልቀስ አልችልም።"

እማሆይ አቀረቀረች። "ከወንድሞቼ ጋር ገና መጫወት። እናቴ ሴት ልጅ ዱላ አትይዝም እያለች በዚያው ዱላ ትገርፈኝ ነበር።"

እናቴ ለሴቶቹ በአሪኛ ነገረቻቸው፤ እንደ አዲስ ጀመሩ። ስለማያውቁት አገርና ስለማያውቁት ጨዋታ አለቀሱ፤ አንዷማ ተነስታ በባዶ እጇ ዱላ እንደያዘ ሰው ሣሩን መታች። እማሆይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ትንሰቀሰቅ ጀመር። እኔ አዲሱን ቆቤን ደፍቼ፣ የሚያየኝ ሰው አጥቼ፣ ቆሜ ጠበቅሁ።

ሁለቱን ዓመት ይቅር ብያታለሁ። ከእኔ ለቅሶ የእሷ መርዘሙን ግን ገና አልተውኩላትም።