ደረጀ የቀደደው ላስቲክ

ባለፈው ሳምንት ከገላን ኮንዶሚኒየም ወርጄ ገበያ ስሄድ፣ መንገድ ዳር ባለ መዝናኛ ግቢ ውስጥ ወጣቶች ኩሬ ውስጥ ቆመው ጥቁር ላስቲክ ሲያነጥፉ አየሁ። ኩሬውን አረም ወርሶታል። ዘንቢሌን አስቀምጬ ጠጋ አልኩና ላስቲኩን በስተውት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አንዷ ልጅ ቀና ብላ፣ አየር እንዲወጣ በየቦታው እንደበሱት በትሕትና ነገረችኝ። መረቅኳቸውና መንገዴን ቀጠልኩ። ገበያ ደርሼ ሽንኩርት ስመርጥ ግን የበሰበሰውን ከደህናው ሳልለይ ዘንቢሌ ውስጥ እከት ነበር። ንዴት ነው፤ ያውም የወጣትነቴ ንዴት።

ያኔ የምኖረው አቃቂ በሰቃ፣ ከወላጆቼ ጋር ነበር። ሥራ ያጣን ወጣቶች ተሰባስበን ከከተማው ወጣ ብሎ ጎመንና ቀይ ሥር የሚያለማ ማኅበር ገባን። ጠዋት ጠዋት በመረሬው ጥቁር አፈር ጭቃ ስንሄድ፣ ጭቃው ጫማችን ላይ እየተደራረበ ቁመት ጨመረልን እያልን እንሳሳቃለን። ምሳችን ድንች ቅቅል በሚጥሚጣ ነበር። እንደዚያ የጣመኝ ድንች ከዚያ ወዲህ አልበላሁም፤ ምናልባት የጣመኝ ረሃቡ ይሆናል።

ማሳውን የምናጠጣው ክረምት ከሚሞላው ኩሬ በሞተር እየሳብን ነው። አንድ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ኩሬውን ከሥር የሚበቅል፣ እንደ ጸጉር የሚረዝም አረም ዋጠው። የሞተሩ ቱቦ በየሰዓቱ ይታፈናል። በማጭድ ብናጭደው መልሶ ይበቅላል። በመጨረሻ አንድ የግብርና ባለሙያ መጣና መላውን ነገረን። የኩሬውን ወለል በጥቁር ላስቲክ ሸፍኑት፣ ብርሃን ያጣ አረም ይሞታል አለ። ግን አስጠነቀቀን፤ አስቀድማችሁ እጨዱት፣ የሚበሰብሰው አረም አየር ስለሚያወጣ ላስቲኩን ብሱት፣ ዙሪያውንም በድንጋይ አጥብቃችሁ ያዙት ብሎን ሄደ። ሊቀመንበራችን ጋሽ ታምሩም አብሮን ቆሞ ሰምቷል።

በማግስቱ እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተባለ። ጋሽ ታምሩ ጥድፊያ ውስጥ ገባ። አረሙ ሳይታጨድ፣ ላስቲኩ ሳይበሳ ይነጠፍ አለ፤ አዲስ ንብረት ተበሳስቶ ለእንግዳ አይታይም ነው ምክንያቱ። ደረጀ የሚባል፣ ረጋ ያለ፣ ከሁላችን የበለጠ ሥራ የሚወድ ልጅ ነበር። እሱ ብቻ ደፍሮ፣ "ጋሼ፣ ባለሙያው ብሱት ብሎናል እኮ" አለው።

"ባለሙያው ሄዷል። እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ።"

አነጠፍነው። እንግዶቹ መጡ፤ ጥርት ያለ ውሃ አይተው አጨበጨቡ፤ ለስላሳቸውን ጠጥተው ሄዱ። ከዚያ የኅዳር ፀሐይ በረታ። ላስቲኩ ቀስ በቀስ እየተነፋ እንደ እርጉዝ ላም ሆድ ከውሃው በላይ ወጣ፤ የሞተሩንም አፍ ዘጋው። ጋሽ ታምሩ ደረጀን ግባና በድንጋይ ተጫነው ብሎ አዘዘው።

ደረጀ ድንጋዩን አቅፎ ላስቲኩ ላይ እንደወጣ ከሥሩ ተንሸራተተ። ላስቲኩ ታጥፎ ተከደነበት። እኔ ዳር ላይ ነበርኩ፤ እግሩ ሲራገጥ አየሁ፣ ከዚያ እግሩም ጠፋ። ዘለን ገባን፤ ላስቲኩ ግን ያሟልጫል፣ ብንስበው ይብስ ይጠቀለላል። ጩኸቴን እንኳ አላስታውስም። ድንገት ደረጀ ወገቡ ላይ የሚሽጠው የጎመን መቁረጫ ቢላ ጫፍ ላስቲኩን ቀዶ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ እጁ። ያንን እጅ ይዘን ጎተትነው። እንደ ገማ እንቁላል የሚሸት አየር ከቀዳዳው ወጣ።

ሣር ላይ አስተኛነው። ውሃ ያስመልሰዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ታምሩ እየሮጠ መጣና መጀመሪያ ያየው ላስቲኩን ነው።

"ምን አድርገህ ነው የቀደድከው?" አለው።

በዚያው ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። ደረጀ የማኅበሩን ንብረት በማበላሸት ተከሰሰ፤ ይሰናበት የሚል ሐሳብ ቀረበ። ደሜ ፈላ። ተነሣሁና፣ "ጋሽ ታምሩ፣ ባይቀደው ኖሮ ዛሬ የምንሰበሰበው ለቅሶ ላይ ነበር" አልኩት። ቁጭ በይ አለኝ፤ አልተቀመጥኩም። ሲያልቅ ድምፅ ተሰጠ፤ ደረጀ ይቆይ ብሎ የወጣው እጅ የእኔ ብቻ ሆነ። ደረጀ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣ። እኔም ተከትዬው ወጣሁ፤ አልተመለስኩም። በኋላ እንደሰማሁት አረሙን አጭደው፣ ላስቲኩን በስተው እንደገና አነጠፉት። ኩሬው ጠራ። ጋሽ ታምሩም ተመሰገነበት።

ደረጀ ቃሊቲ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ጀመረና ኋላ ሹፌር ሆነ። ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ነው የሚኖረው። ነገሩን ሳነሣበት ተይው ይለኛል።

ዘንድሮ አንድ ቀብር ላይ ጋሽ ታምሩን አገኘሁት። ሸምግሏል። እጄን ይዞ፣ "ያ ኩሬያችን ትዝ ይልሻል? ምን የመሰለ ሥራ ሠራን" አለኝ። ደረጀንስ ያስታውሱታል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ግንባሩን ቋጠር አድርጎ የትኛው ደረጀ አለኝ።

"ቱሉ ዲምቱ ነው ያለው። ልውሰድዎት፤ ይቅርታ ይጠይቁት።"

ጉልበቴን ያመኛል ብሎ እጄን ለቀቀ።

ልጆቼ ንዴት ለጤና ጠንቅ ነው ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ደግሞ ሳስበው እንቅልፍ የሚነሳኝ ጋሽ ታምሩ ብቻ አይደለም። እሱ ከመጀመሪያውም ያው ነበር። ደረጀን ከውሃ ስንጎትት ከእኔ ጋር የነበሩት፣ እንደኔው ያለቀሱት፣ ያን ስብሰባ ቀን እጃቸውን ጭናቸው ሥር አድርገው ተቀምጠው ነበር።