ማንኪራ ላይ በቀፎ የተደረገ ፍልሚያ

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ቦንጋ

ፍልሚያ የሚደረገው በንጋት ነውና በጨለማ ተነሳሁ። እኔ በማስተምረው ታሪክ ቢያንስ እንደዚያ ነው። ሁለት የአውሮፓ መኳንንት በአንዲት ክፉ ቃል ይቀያየማሉ፤ ምስክርና ሐኪም አስከትለው ሜዳ ይወጣሉ፤ ሽጉጥ ይማዘዛሉ። አንዱ ይሞታል፣ ክብሩ ግን ተመለሰለት ይባላል። ምን ሊያደርግለት!

ተማሪዬ አልማዝ ትናንት፣ «መምህር፣ ማንኪራ ጫካ ሁለት ሰዎች በዛፍ ምክንያት ተፋልመው ነገ ይለይላቸዋል» ስትለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ፋሻና አዮዲን ገዝቼ በቦርሳዬ ከተትኩ። ሐኪም ባይኖርስ?

ጠዋት፣ መንገድ ላይ

ቀይ ጭቃ፣ የጫካ ቡና፣ ከላይ የሚንጠባጠብ ጤዛ። ያሳፈረኝ ባለሞተር ቦርሳዬን አይቶ፣ «ፋሻው ለማን ነው?» አለኝ።

«ለሚቆስለው።»

«ንብ ለነደፈው ፋሻ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ሳቀ። እኔም የገባኝ መስዬ ሳቅሁ።

ረፋድ፣ ማንኪራ

ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አንድ ሽማግሌ ነገሩን አስረዱኝ። ጋሽ አለሙና ጋሽ ማሞ አብረው ማር የሚቆርጡ ጓደኛሞች ነበሩ። ማሞ ይወጣል፣ አለሙ ከታች ገመዱን ይይዛል። ኋላ ይህ ትልቅ ዛፍ «የአባቴ ነው»፣ «የለም፣ የእኔ አባት ዛፍ ነው» በሚል አጣላቸውና ሰላምታ ተዘጋ። የአገሩ ሽማግሌዎችም እያንዳንዳቸው አንዳንድ ባዶ ቀፎ እንዲሰቅሉ ፈረዱ። ንብ የገባለት ዛፉን ይወስዳል፤ የተሸነፈው ቀፎውን አውርዶ ዳግመኛ እዚያ ላይሰቅል።

ሽጉጥ የለ፣ ጎራዴ የለ! እውነቱን ልናገር፣ ቅር አለኝ።

ከሁለቱ ባላጋራዎች ጋር አንጋጠጥን። በጋሽ አለሙ ቀፎ ንቡ ይገባል፣ ይወጣል። የጋሽ ማሞ ቀፎ ጭር ብሏል።

«ተፈርዷል» አሉ ሽማግሌው። «ማሞ፣ አውርድ።»

ጋሽ ማሞ ፊታቸው ጠቆረ። ገመዱን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ጫፉን ማን ይያዝላቸው? አንድ ጎረምሳ እጁን ዘረጋ፤ እሳቸው ግን አለፉት። ጋሽ አለሙ ፊት ቆመው፣ «ያዝ» አሉ።

በስንት ጊዜያቸው ነው የተነጋገሩት! ጋሽ አለሙም ያዙ። የአውሮፓ መኳንንት ይህን ቢያዩ ያብዳሉ፤ ነፍሱን ለባላጋራው አስይዞ የሚወጣ ተፋላሚ አንብቤም አላውቅ።

ጋሽ ማሞ ገመዱን በየቅርንጫፉ ላይ እያሳለፉ ወጡ፣ ወጡ፣ ቅጠል ዋጣቸው። ድንገት አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ተሰብሮ ወረደ። ገመዱ ተወጠረ። ጋሽ አለሙ እግራቸውን የዛፉ ሥር ላይ ተክለው ወደ ኋላ ተጋደሙ። እኔ ቦርሳዬን አቅፌ ቀረሁ።

«ማሞ!»

ጋሽ አለሙ ገመዱን ይበልጥ አጥብቀው ያዙ።

«ማሞ! አለህ?»

«አለሁ» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። ቀጥሎም፣ «ቀፎው ጋ ደርሻለሁ። ልፍታው?»

«ፍታው እንጂ፣ ፍርድ ነው!» አሉ ሽማግሌው።

«እስቲ ዝም በሉ፣ ሰው ዛፍ ላይ ነው!» ጋሽ አለሙ ጮኹባቸው። ዓይናቸው ዕንባ ሞልቷል፤ ከቅጠሉ ላይ ግን አልነቀሉትም። «ማሞ፣ ተወው! ዛፉ ላይ ይቆይ። አንተ ብቻ በደህና ውረድልኝ።»

ሽማግሌው ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ጋሽ ማሞ ቀስ እያሉ ወረዱ። እግራቸው መሬት ከነካ በኋላም ጋሽ አለሙ ገመዱን አልለቀቁም።