ኤአይ የተጨመረበት የማንጎ አክሲዮን

ባለፈው ሰኞ ከሰዓት አሶሳ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ ተቀምጬ ራሴን ነቀነቅኩ። ያደረግኩት ይኸው ብቻ ነው።

ስብሰባውን የጠሩት አክሲዮን ሊሸጡ የመጡ ሰዎች ናቸው። አምናም መጥተው «የማንጎ ጭማቂ ፋብሪካ ልናቋቁም ነው» ብለውን ነበር። ያኔ ውኃቸውን ጠጥተን፣ እስክሪብቷቸውን ይዘን፣ ምንም ሳንገዛ ወጣን። ማንጎ ለአሶሳ ሰው ምን ብርቁ ነው? በወቅቱ ዛፍ ሥር ወድቆ ፍየል እንኳ ይሰለቸዋል።

ዘንድሮ ግን የፋብሪካው ስም ረዝሟል። «በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በኤአይ፣ የሚመራ የማንጎ ጭማቂ ፋብሪካ።» ግድግዳው ላይ የለጠፉት ያንኑ የአምናውን የማንጎ ሥዕል ነው። ዙሪያውን ሰማያዊ ብርሃን ጨምረውለታል።

አጠገቤ የተቀመጠው አቶ ሽፈራው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ውጭ አገር እኮ ኤአይ የሚል ስም ያለበት አክሲዮን ባደረ ቁጥር ይጨምራል።»

«ማን ነገረህ?»

«ቲክቶክ ላይ ነው።»

መድረኩ ላይ ያለው ወጣት ሙሉ ልብስ ለብሶ በሙቀቱ እየቀለጠ ነው። «ኤአዩ ስለ ማንጎው ያስባል፣ ስለ ገበያው ያስባል፣ ስለ እናንተ ያስባል» አለን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የሒሳብ አስተማሪ መሆኔን ነግረውት ነው መሰለኝ፣ «መምህር፣ አልጎሪዝሙ ግልጽ ነው አይደል?» አለኝ።

ከፊቴ ሦስት የተማሪ ወላጆች አሉ። ከኋላዬ ርዕሰ መምህራችን... ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ከኛ ሁለት ወንበር አልፈው ሐጂ ከሊፋ ተቀምጠዋል። የሆሞሻ ሰው ናቸው፤ ማንጎ በአይሱዙ እየጫኑ የሚልኩ ነጋዴ። ሐጂ የከሰሩበትን ንግድ የሚያውቅ ሰው እዚህ ከተማ የለም። ስብሰባው ሲያልቅ ብድግ ብለው ቅጽ ወሰዱ፣ አራት ቦታ አጥፈው ጀለቢያቸው ኪስ ከተቱት።

በቃ። ሐጂ ከገቡበት እኔ ምን እጠብቃለሁ?

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። የምንሠራው ቤት ግድግዳው ከቆመ ሁለት ክረምት ሆኖታል፣ ጣሪያ ግን የለውም። ያለን ብር የቆርቆሮ መግዣ ነው፤ ሌላ የለንም።

«ኤአዩ ምን ያደርጋል?» አለችኝ።

«ያስባል።»

«ስለ ምን?»

«ሐጂ ከሊፋ እኮ ገብተውበታል።»

 «እንግዲህ ዝናቡ ሲመጣ ኤአዩ ጃንጥላ ይያዝልን» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ማክሰኞ ጠዋት አክሲዮኑ የሚከፈልበት ባንክ በር ላይ ሳይከፈት ደረስኩ። ከፊቴ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሐጂ ከሊፋ። እኛን ያየ ሁሉ ከኋላችን ይሰለፍ ጀመር።

«ያ ኡስታዝ!» አሉኝ ሐጂ። አስተማሪን ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠሩት። «አልሐምዱሊላህ፣ መጣህ። እኔ ፈርቶ ነበር።»

«ምን ያስፈራዎታል ሐጂ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይሄ ኤአይ... ምንድን ነው?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ሳያውቁት ነው እንዴ ቅጹን የወሰዱት?»

«አንተ ያውቃል! አንተ ራስ ነቀነቀ፣ እኔ አየ። ኡስታዝ ሒሳብ ያውቃል፣ እሱ ከገባው ይበቃል ብሎ ወረቀት ወሰደ።»



«ሐጂ... እኔ የመጣሁት እርስዎን አይቼ ነው።»

«እኔ ምን ሲያደርግ?»

«ቅጽ ሲወስዱ።»

«ኤአይስ?»

«አልገባኝም።»

«ታዲያ ራስ ለምን ነቀነቀ?»

 «አፍሬ ነው» አልኳቸው።

 ሐጂ የሳቁት ሳቅ የባንኩን ዘበኛ ከወንበሩ አስነሳው።

«ወላሂ፣ እኔ ማንጎ በአበባ አይገዛም። በዲን ክልክል ነው። ፍሬው ታይቶ ነው የሚገዛ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነግዷል! ይሄ አበባ የለ፣ ዛፍ የለ፣ ወረቀት ብቻ... ሐላስ፣ እንሂድ።»

ከሰልፉ ወጣን። ከኋላዬ የቆመው አቶ ሽፈራው እጄን ያዘኝ።

«ጨረሳችሁ እንዴ?»

ጮክ ብዬ፣ ሰልፉ በሙሉ እንዲሰማ፣ «ትተነዋል። ይሄ ኤአይ የሚሉት ነገር ለእኔም ለሐጂም አልገባንም» አልኩ። ሰኞ አዳራሹ ውስጥ ማለት የነበረብኝን ማክሰኞ ባንክ በር ላይ አልኩት። ሰው ሁሉ ብሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል ብዬ ጠበቅኩ።

አቶ ሽፈራው ወደ ኋላ ዞሮ፣ «ሰማችሁ? መምህሩም ሐጂም አልገባቸውም!» አለ።

ሰልፈኛው እርስ በርሱ ተያየ።

«ለእነሱ ካልገባቸውማ በጣም የረቀቀ ነገር ነው ማለት ነው» አለና አንድ እርምጃ ወደፊት ገፍቶ የእኛን ቦታ ያዘ። ከእሱ ቀጥሎ ያለችው ሴት ስልኳን አውጥታ፣ «ቶሎ ና፣ ሰው ሳይበዛ» ስትል ሰማኋት።

እኛ ተሻግረን ከመንገዱ ማዶ ቆምን። ባንኩ ሲከፈት የሰልፉ ጫፍ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ድረስ ደርሷል። የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ አሉበት። አንዱማ በሞተር ሳይክል መጥቶ፣ ሞተሩን እንኳ በደንብ ሳያቆም ነው የተሰለፈው።

ሐጂ ሰልፉን እያዩ ጢማቸውን አሻሹ።

«ያ ኡስታዝ...»

«አቤት፣ ሐጂ?»

«ይሄ ሁሉ ሰው... እንመለስ ይሆን?»

እውነቱን ለመናገር ወዲያው አልመለስኩላቸውም። ሰልፉን የጀመርነው እኛው ሁለታችን መሆናችን ትዝ እስኪለኝ ጊዜ ፈጀብኝ።