የእንግዳው ጥይቶች

አባቴ ያንን የተሰነጠቀ የጥይት ቀለህ ለራሱ ያስቀረው ዓይኑን ሊያሳጣው እንደሚችል እያወቀ ነበር? ስጠይቀው ስቆ ያልፈኛል።

በቀደም ዊተን ከተማ ቁልፍ ሳስቀርጽ የናሱ ሽታ አሌክሳንድሪያ ወደነበረው ምድር ቤታችን መለሰኝ። አሜሪካ በመጣን ሰሞን ነው፤ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም። አባቴ ለአጋዘን አደን ጥይቱን ራሱ ይሞላል፤ እኔ አዳዲሶቹን ባዶ የናስ ቀለሆች በመብራት እያየሁ እንከን ያለባቸውን እለያለሁ። በአንዱ ግርጌ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ።

«ጎሽ፣ ዓይናማዋ! እሱን ለእኔ» አለና ባሩድ ሞላው። «ታደሰ ነገ አብሮኝ ይተኩሳል፤ ለእንግዳ እንከን ያለው አይሰጥም።»

በማግስቱ ሜዳ ላይ አባቴ ያንን ጥይት ሲተኩስ ጭሱ ከጠመንጃው ወደ ፊቱ ፈነዳ። መነጽሩ ተሰነጠቀ፤ ጉንጩ ደማ። እጄ ጆሮዬ ላይ እንደተጣበቀ ቀረ።

«አንተ ግዴለሽ! ሳታይ ነው የምትሞላው?» ብለው ጋሽ ታደሰ ጮኹበት። አባቴ ወደ እኔ አየና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከዚያ ወዲህ «ግዴለሹ» እያሉ ሲጠሩት ኖሩ።

ቁልፉን ያስቀረጽኩ ዕለት ሲልቨር ስፕሪንግ ጋሽ ታደሰ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ደህናዎቹስ የት ነበሩ?»

«የእርስዎ ጠመንጃ ውስጥ።»