ያላየሁት የአባቴ ዕጢ

የማስተምረው ስለ አንጎል ሴሎች ነው። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እንዲህ እላለሁ፦ ሴልን «ሙት» ብለው የሚያዝዙ ፕሮቲኖች አሉ፤ ትእዛዙ ሲበዛ ጤነኛው ሴል ያለጊዜው ይሞትና ሰው መርሳት ይጀምራል፤ ትእዛዙ ሲጠፋ ደግሞ ሴሉ አልሞትም ብሎ ይባዛል፣ ዕጢ ይሆናል። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ በር ይገባሉ እላለሁ። ይህችን አባባሌን በጣም እወዳት ነበር።

ጎንደር አጠገብ ኮሶዬ የሚኖረው አባቴ የበሬዎቹን ስም መርሳት ሲጀምር፣ አብራው ያለችው ታላቅ እህቴ ደወለችልኝ። ሄድኩ። ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠየቅሁትና በጎረቤት ፊት ፈረድኩ፦ «የመርሳት በሽታ ነው። መድኃኒት የለውም፤ ጎንደር ድረስ አታንገላቱት።» ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ የተማረ ሰው ተናግሯልና ማንም አልተከራከረኝም። እህቴ ስትሸኘኝ ብቻ «ጠዋት ጠዋት ያስመልሰዋል እኮ» አለችኝ። ጨጓራው ይሆናል ብያት መኪና ውስጥ ገባሁ።

ከወራት በኋላ ጠበል ወሰደችው። እዚያም አስመለሰው። ጠበል ጠጥቶ ያስመለሰ ሰው ሕመሙ ወጣለት ስለሚባል ዘመዱ ሁሉ እልል አለ። በስልክ ስትነግረኝ ሳቅሁባት።

እልል ያላሉት አጥማቂው ቄስ ብቻ ነበሩ። ሰባት ቀን አይተውት እህቴን ጠሯት። «ልጄ፣ ይኸ ሰው ጠበሉን ሳይቀምስም ያስመልሰዋል። ግራ እግሩንም ይጎትታል። ምነው እስከ ዛሬ ሐኪም ሳታሳዩት?»

ጎንደር ከተማ፣ አራዳ አምጥተነው ሲቲ ስካን ተነሣ። አንጎሉ ውስጥ ዕጢ ነበር። ሐኪሙ ፊልሙን እያሳየኝ፣ የጠዋት ማስመለስ ዕጢው አንጎልን ሲጫን የሚመጣ ምልክት ነውና መቼ እንደጀመረው ጠየቀኝ። አውቀው ነበር፤ የመለሰችለት ግን እህቴ ናት። «ያኔ ቢመጣ ኦፕራሲዮን ይሞከር ነበር» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አፈርኩ። ባላውቅ ኖሮ እንዲህ አላፍርም ነበር። ሁለቱንም በሽታዎች አውቃለሁ፤ ሰው ፊት ሊቅ ለመምሰል ቸኩዬ አንዱን መረጥኩ።

ባለፈው እሑድ ቄሱ አባቴን ሊጠይቁ ቤት መጡ። አባቴ ማንነታቸውን አላስታወሰም፤ ጥምጥማቸውን አይቶ ቄስ መሆናቸውን ብቻ አወቀ። እኔን ግን አልረሳኝም። እጄን ይዞ «አባ፣ ይኸ ልጄ ነው፤ ሸጋ ልጅ። በሽታዬን ያወቀልኝ እሱ ነው» አላቸው።

እህቴ አቀረቀረች። ቄሱ መስቀላቸውን ዘረጉልኝና «እግዚአብሔር ይባርክህ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ።